አምስተኛው ማርሽ፦ ለአሮጌ ላንድ ክሩዘር አዲስ ሞተርና ካምቢዮ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ከሥሩ የናፍጣ ሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ሁለቱም ቀስ እያሉ ይቀንሳሉ።)

ላንቴ ሙዝ ማሳ ውስጥ ሬዲዮናችሁን ከጥላ ሥር ያስቀመጣችሁ፣ ሲቀላ ጋራዥ ውስጥ እጃችሁን ግራሶ የነካው፣ የጨንቻን ሽቅብ መሪ ጨብጣችሁ የምትወጡ፣ ሁላችሁም አድምጡኝ። ዛሬ የምናወራው በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ስለመግጠም ነው። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አቅርቡ፤ መሃል ላይ አንድ ሒሳብ አብረን እንሠራለን።

አጎቴ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ፣ ላንቴ ውስጥ ሙዝ ያመርት ነበር። አንዲት አሸዋማ ቀለም ያላት ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ነበረችው። ሙዙን ከማሳው እስከ አስፋልቱ ዳር የሚያወጣው በእሷ ነው። እዚያ አይሱዙዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሙዙም በራሱ በሙዝ ቅጠል እየተነጠፈለት፣ ረድፍ በረድፍ ይጫናል። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ጋቢና ውስጥ መሃል ላይ እቀመጣለሁ፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጉልበቴን እሰበስባለሁ። ከላንቴ ተነስተን ወደ ምዕራብ አባያ ስንሄድ መንገዱ ሜዳ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከአራተኛ በኋላ የለም። ሞተሩ ግን ይጮሃል፤ ጋቢና ውስጥ ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ መጠጋት ነው። አጎቴ አራተኛ ካስገባ በኋላም እጁን ከማርሹ ላይ አያነሳም ነበር። መዳፉን እዚያው ያሳርፈዋል፣ ትንሽ ይገፋዋል፣ ይመልሰዋል። ገና አንድ ማርሽ የሚቀረው ይመስለዋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለሚቀረው ማርሽ ነው።

እስቲ አስቀድመን መኪናዋን እንወቃት። ቶዮታ ባለ 40 ላንድ ክሩዘሮችን የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ነው። አጭሩ 40፣ ረጅሙ ፒካፕ 45 ይባላል፤ ከሥር ያለው ብረት ግን ወንድማማች ነው። ቤንዚን የሚጠጡት መጀመሪያ 3.9 ሊትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ደግሞ ቱ ኤፍ የሚባል 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበራቸው። ጠንካራ ሞተር ነው፤ አለቀለት ሲባል ይነሳል። ነገር ግን ይጠጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቤንዚን መጨረስ ለእሱ ብርቅ አይደለም። አራተኛው ማርሽ ላይ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግም አንድ ዙር ይዞራል። አንድ ለአንድ ማለት ነው። መኪናዋ የተሠራችው ጭቃ፣ አሸዋና ዳገት ታስቦ እንጂ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ድረስ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ግድም አስፋልት ታስቦ አልነበረም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን መኪና ሽጦ አዲስ መግዛት አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይችላል ወይ ነው ጥያቄው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ብረት ዋጋው ጨመረ። ሻሲው ያልበሰበሰ፣ ዲፈረንሻሉ ያልጮኸ አንድ ባለ 45 ያለው ገበሬ መኪናውን ቢያድሰው አልፈርድበትም፤ እንዲያውም አበጀህ እለዋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ብረት ከመቁረጡ በፊት ሒሳቡን ይሥራ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሒሳቡን ለመሥራት ማርሽ ምን እንደሆነ እንረዳ። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ሞተሩ ላይ አንድ ፑሊ አለ፣ ወፍጮው ላይ ሌላ ፑሊ አለ፣ ሁለቱን ቺንጋ ያያይዛቸዋል። የሞተሩ ፑሊ ትንሽ፣ የወፍጮው ፑሊ ትልቅ ከሆነ ወፍጮው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጉልበቱ ግን ይበረታል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ እኩል ይዞራሉ። የሞተሩ ፑሊ ትልቅ፣ የወፍጮው ትንሽ ሲሆን ደግሞ ወፍጮው ከሞተሩ ይፈጥናል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። በመኪናም ያው ነው። አንደኛ ማርሽ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። አራተኛው እኩል ለእኩል ነው። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ከሞተሩ ፈጥኖ ይዞራል። ሞተሩ ያርፋል፣ መኪናው ይሄዳል። በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው ማርሽ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስደስተኝን ነገር ልጥቀስ። የጋራዥ ቋንቋችን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ቮላኖ ይላል፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። መካኒኮቻችን ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያሹት ስለኖሩ ዛሬ የእኛው አማርኛ ሆኗል። ኦቨርድራይቭ ግን ኋላ የመጣ ስለሆነ እንግዳ ስሙን እንደያዘ ቀረ።

ነገሩ ራሱ ግን አዲስ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው ክራይስለር ኤርፍሎው ላይ ገጥመውት ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሌይኮክ ደ ኖርማንቪል የሚባለውን ከካምቢዮው ኋላ የሚገጠም ኦቨርድራይቭ በብዛት ሠሩ፤ ለአሮጌዎቹ ላንድ ሮቨሮችም ፌሪ የሚባል ለብቻው የሚገጠም ነበራቸው። አምስተኛ ማርሽ በተራ መኪና ላይ የተስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የዘይት ቀውስ በኋላ፣ ነዳጅ ውድ ሲሆን ነው። የዚያ ቀውስ ወላፈን እኛም ጋ ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት የቤንዚን ዋጋ ስለጨመረባቸው ነበር፤ የንጉሡ መንግሥትም ዋጋውን መልሶ እስከመቀነስ ደረሰ። የ1966ቱ አብዮት ታሪክ ሲነገር ይህቺ የቤንዚን ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ታልፋለች። እኔ ግን አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል የሚለው ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ ነው ብዬ አላውቅም።

አሁን እርሳሱን አንሱ። ሒሳቡን የተማርኩት አጎቴ መጨረሻ ላይ ያገኛቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ማንጎ ጥላ ሥር ጠመኔ ይዘው ሲሠሩት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። ምንም ኮምፒውተር አልነበራቸውም።

በጎማው ጀመሩ። መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ አቆሟት፣ ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ጎማውንም መሬቱንም በጠመኔ አሰመሩ። «ግፏት» አሉን። ጎማው ላይ ያለው መስመር አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ተመልሶ መሬት ሲነካ ሁለተኛ መስመር መሬቱ ላይ አሰመሩና በሁለቱ መሃል ያለውን ለኩ። 2 ሜትር ከ45። 7.50 በ16 የሚባለው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናዋ የምትሄደው ያን ያህል ነው።

ቀጥሎ ዲፈረንሻል። ሦስቱን ጎማዎች በድንጋይ ታኮ አጠበቁ፤ በእነዚህ አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ዘንጉን ራሱን ስለሆነ መለቀቅ አለበት፣ ታኮውም ለዚህ ነው። ማርሹን ፎሌ አደረጉ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሱ። ዘንጉ ላይ ጠመኔ ቀቡና «አንተ ቁጠር» አሉኝ። እኔ ከመኪናዋ ጎን በሆዴ ተኝቼ ወደ ሥር እያየሁ፣ አጎቴ የተነሳውን ጎማ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረ። ዘንጉ አራት ጊዜ ዞሮ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። «4.11» አሉ፣ ሳይጠራጠሩ። ለምን ሁለት ዙር ነው ያዞርነው? ሌላኛው ጎማ መሬት ላይ ስለቆመ ዲፈረንሻሉ እንቅስቃሴውን በሁለት ይከፍለዋል፤ የአንዱ ጎማ ሁለት ዙር የሁለቱም አንድ ዙር ማለት ነው። ቤታችሁ ያለ ማንኛውም የኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና ላይ ሞክሩት። መኪናው እንዳይንሸራተት ብቻ ተጠንቀቁ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም ጭንቅላታችሁን አታስገቡ።

አሁን አብረን እናስላ። መኪናዋ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። በደቂቃ 1,500 ሜትር ነው። ለ2.45 ስናካፍለው ጎማው በደቂቃ ወደ 612 ጊዜ ይዞራል። በ4.11 ስናበዛው 2,516 ይመጣል። አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ስለሆነ ሞተሩም በደቂቃ 2,516 ዙር ይዞራል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ቁጥር በሞተሩ ዓይነት አይቀየርም። ቤንዚኑን አውጥታችሁ ናፍጣ ብታስገቡ፣ ካምቢዮው ያው ከሆነ፣ ዙሩ ያው 2,516 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጩኸቱ ከሞተሩ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል።

አሁን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ እናስገባ። ለዚህ መኪና በዓለም ዙሪያ የታወቀው የቶዮታው ኤች 55 ኤፍ ነው። አምስተኛው ማርሽ 0.845 ነው፤ ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር ሞተሩ አንድ ዙር አይሞላም። 2,516ን በ0.845 ስናበዛ 2,126 እናገኛለን። በደቂቃ 390 ዙር ተረፈ። በየኪሎ ሜትሩ 260 ዙር ነው፤ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ሲደረስ 130,000 ያህል ይሆናል። ፒስተኑ ያን ያህል ጊዜ ወርዶ ከመውጣት ዳነ።

ሞተሩስ የትኛው ይሁን? አጎቴ የመረጠው ዋን ኤችዜድ የሚባለውን ነው፤ እኔም ብሆን እሱን ነበር የምመርጠው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው፤ መሥሪያ ቤቶች የሚነዷቸው ሐርድቶፖች ውስጥ ያለው እሱ ነው። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፤ ፓምፑ በብረት ይሠራል፣ በብረት ይጠገናል። ጉልበቱ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነው። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ቁጥር ላይ ነው፤ የመጎተት አቅሙ ከፍተኛ የሚሆነው በደቂቃ 2,200 ዙር አካባቢ ሲዞር ነው። ቅድም ያወጣነውን አስታውሱ፣ 2,126። በ90 ኪሎ ሜትር፣ በአምስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ የሚመቸው ቦታ ላይ ተቀምጧል። እኔ ዝምድና የምለው ይህን ነው። ጎማው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ካምቢዮውና ሞተሩ ሲስማሙ መኪናው ፋብሪካ የሠራው ይመስላል፤ ካልተስማሙ ምንም ዓይነት ውድ ሞተር ቢገባ እየተጨቃጨቁ ይኖራሉ።

ከዚህ የዘመኑ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙ የናፍጣ ሞተሮች እንዳሉ አውቃለሁ። ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ዝምተኞች ናቸው። ነገር ግን ናፍጣው ንጹሕ ካልሆነ የነዳጅ መርጫቸው ይታመማል፣ ሽቦዎቻቸው ላይ ውኃ ከገባ ይቆማሉ። ከማሳ ሙዝ ለሚያወጣ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ ለሚያቋርጥ መኪና አልመክራቸውም።

የቤት አውቶሞቢል ያላችሁም አልረሳኋችሁም። ባለ አራት ማርሽ ኮሮላ ዲኤክስ ያላችሁ፣ ኬ ከሚባለው ከዚያው የካምቢዮ ቤተሰብ የሆነው ባለ አምስት ማርሽ ሞተራችሁ ላይ ይገጥማል፤ አምስተኛው 0.86 አካባቢ ነው። ሞተር ሳይነካ ካምቢዮ ብቻ መቀየርም አንድ ትልቅ እርምጃ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደሚያመው ልሂድ። አጎቴ ከአዛውንቱ መካኒክ በፊት ሥራውን የሰጠው ለሌላ ጋራዥ ነበር። ሞተሩን አመጡ፣ አሮጌውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ እንዳለ ተዉት። የሁለቱ አፍ ስለማይገጥም ከወፍራም ላሜራ አንድ ሰሌዳ ቆርጠው፣ ቀዳድተው፣ መሃል ላይ አስገብተው በቡሎን አሰሩት። ሞተሩ ተነሳ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የፍሪሲዮን ሸራ ተቀየረ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ እግር ላይ የሚሰማ ንዝረት ነበረው፤ ካምቢዮው ውስጥ ደግሞ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ኩሽኔታ። አጎቴ በየጊዜው ሸራው ጥራት የለውም ይባል ነበር፣ እሱም አምኖ ሌላ ይገዛል። ለዚያ ሸራ የወጣው የሙዝ ገንዘብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አዛውንቱ ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት ካምቢዮውን ማውረድ ነው። ከዚያ ቮላኖው ላይ ባለ መርፌ መለኪያ አሰሩና የመለኪያውን ጫፍ ያ ሰሌዳ መሃል ላይ ባለው ክብ ቀዳዳ ከንፈር ላይ አሳረፉ። ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያሉ በእጅ ያዞሩታል፤ መርፌው ወደ አንድ ወገን ሄደ፣ ተመለሰ። «አየኸው ልጄ?» አሉት አጎቴን። ከአጎቴ ደብተር አንድ ወረቀት ቀደዱና በሁለት ጣታቸው ያዙት። የሞተሩ መሃልና የካምቢዮው መሃል ከዚህ ወረቀት ውፍረት ብዙም ሊራራቁ አይገባም፣ አሉ፤ ይህ ግን የአሥር ወረቀት ነው። አንድ ወረቀት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሁለት ዘንጎች በአንድ መስመር መዞር ሲገባቸው እየተገፋፉ ይዞሩ ነበር፤ ሸራውን የበላው ያ ነው። ሸራው ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

መፍትሔያቸው ሰሌዳውን ማስተካከል አልነበረም። ጣሉት። ዋን ኤችዜድና ኤች 55 ኤፍ ቶዮታ ራሱ በፋብሪካ አጣምሮ የሸጣቸው ናቸው፤ ሁለቱን የሚያጋጥመው ደወል የመሰለው ቤትም የራሱ አለ። የቱ ኤፍ ሞተር ቤት ለዋን ኤችዜድ አይሆንም፤ ትክክለኛውን ፈልጎ መግዛት ነው። ካገኛችሁ ሞተር፣ ደወልና ካምቢዮ ከአንድ መኪና የወረዱ፣ ሳይለያዩ ግዙ። ዋጋው ሲጠራ ይከብዳል። አጎቴ ግን በሦስት ሸራና በሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ያወጣውን ቢደምረው ልዩነቱን ጨርሶት ነበር።

ባለ አምስት ማርሹ ካምቢዮ ረዘም ስለሚል ከኋላው ያለው ማከፋፈያ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ይቆረጣል፣ ወደ ፊት የሚሄደው ደግሞ ይረዝማል። ይህ ሥራ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ዘንግ ከተበየደ በኋላ ሚዛኑ ካልተስተካከለ መኪናው ከ70 በላይ ሲሄድ ወንበር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራውንም ይበላዋል።

የዚያ የመጀመሪያው ጋራዥ ሁለተኛ ጥፋት ሸራ ብቻ ሳይሆን ነፍስ ሊያጠፋ ነበር። ከጨንቻ እየወረድን ነበር፤ ዶርዜን አለፍን፣ ቁልቁለቱ በረታ፣ አጎቴ ፍሬን ረገጠ። ሞተሩ ከተቀየረ ወዲህ ከብዶ የነበረው ፔዳል እዚያ ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሩ ቆመበት። በሁለተኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን ተይዛ፣ የመንገዱን ዳር አፈር እየታከከች ቆመች። እኔ የያዝኩት የዳሽቦርድ እጀታ እጄ ላይ ምልክት ትቶ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ግን አንድም ሰው አልነገረንም። የፍሬን ፔዳል በቀላሉ እንዲረገጥ የሚያግዘው ክብ ጣሳ የሚሠራው በአየር መሳብ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የነዳጅ ፔዳሉ የሚከፍተው በር መንገዱን ስለሚያጠብበት ከበሩ ኋላ መሳብ ይፈጠራል፤ ጣሳው ከዚያ ይጠባል። የናፍጣ ሞተር ያ በር የለውም፣ መሳብም የለውም። ስለዚህ የራሱ የመሳቢያ ፓምፕ ይዞ ይሠራል። የአጎቴ ሞተር ሲገዛ ያ ፓምፕ ተነቅሎ ነበር፤ የድሮው ቱቦም የትም ሳይገናኝ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቤንዚን አውጥታችሁ ናፍጣ ያስገባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ኮፈኑን ክፈቱና ከፍሬን ጣሳው የወጣውን ወፍራም ቱቦ በእጃችሁ ተከተሉት። የሚያልቀው ፓምፕ ላይ ካልሆነ መኪናዋን አታንቀሳቅሱ።

ስለ ፍሬን አንድ ልጨምር። መኪና ከ60 ወደ 90 ሲፈጥን ፍሬኑ ማብረድ ያለበት ኃይል በአንድ ተኩል አያድግም፤ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። አዲስ ሞተር ያገኘ አሮጌ መኪና የፊት ፍሬኑ ታንቡር ከሆነ፣ የዲስክ ፍሬን መግጠም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ሌሎቹን በቶሎ ልለፋቸው። የቤንዚን ታንከር ለናፍጣ ሲሆን በደንብ ይታጠብ፤ ናፍጣ ከፓምፑ የተረፈውን የሚመልስ ሁለተኛ ቱቦ ይፈልጋል፣ ውኃ የሚለይ ፊልትሮም እንዲሁ። የሞተሩ ማስነሻ 24 ቮልት ከሆነና መኪናችሁ 12 ከሆነ አንዱ ይቀየር፤ ሁለት ባትሪ ደርቦ ማያያዝ የአምፖልና የሽቦ መጥፊያ ነው። ራዲያተሩ የላንቴን ሙቀትና የጨንቻን ዳገት በአንድ ቀን እንደሚያይ አስቡ፤ የደከመውን አሮጌ ራዲያተር አጥቦ መመለስ አይበቃም።

ወረቀቱን ደግሞ አትናቁ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻሲ ቁጥር አለ። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፤ ነዳጁ ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ሲሄድ እሱም ይቀየራል። ተሽከርካሪን ስለመለየት፣ ስለመመርመርና ስለመመዝገብ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 አለ፤ ብረቱ ሳይወርድ በፊት የወረዳችሁን ወይም የዞናችሁን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ሞተሩ የተገዛበት ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለ ቦሎ ቀን ሲደርስ ትቸገራላችሁ፤ መሸጥ ስትፈልጉም እንዲሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ተገጥሟል እንበል። እንዴት ይነዳል?

የእኛ አገር መንገድ ለዚህ ትምህርት የተሠራ ይመስለኛል። ላንቴ ቆላ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሽቅብ በሄዳችሁ ቁጥር ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ካርቡራቶር ያለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ያንኑ ቤንዚን ያፈስሳል። ጨንቻ ደርሳችሁ ካንዴላ ብትፈቱ ጥቀርሻ ለብሶ የምታገኙት ለዚህ ነው። የዘመኑ ኢንጄክሽን ያላቸው ሞተሮች አየሩን ለክተው ነዳጁን ይቀንሳሉ፤ ዘመናዊ ሞተር ካላቸው ብልጫዎች ትልቁ ለእኔ ይኸ ነው።

በዚያ ዳገት ላይ አምስተኛ ማርሽ ቦታ የለውም። የወፍጮውን ፑሊ አስታውሱ፤ ፍጥነት ስትወስዱ ጉልበት ትሰጣላችሁ። ሞተሩ እየተንገታገተ፣ እያቃሰተ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ማስወጣት ነዳጅ ይቆጥባል የሚል አለ። አይቆጥብም፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ምን ቁጠባ አለ? ሙቀቱ ይወጣል፣ ኩሽኔታው ይጎዳል። አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ፣ ዳሽቦርዳችሁ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚል ቢጫ መብራት አይታችሁ ይሆናል። መኪናው ተበላሽቶ አይደለም፤ ማርሹ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አንድ ሰው ነክቷታል፣ ኦቨርድራይቩ ተዘግቷል ማለት ነው። ሜዳ ላይ መብራቱ ጠፍቶ ይሁን። ወደ ጨንቻ ስትወጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስትወርዱ፣ ቁልፏን ተጫኑ፤ ሞተሩ መኪናውን ይዞ ያወርድላችኋል፣ ፍሬናችሁም አይቃጠልም።

የአጎቴ መኪና ከማንጎው ጥላ ሥር የወጣችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አዛውንቱ መካኒክ ከጎኑ ተቀመጡ፣ እኔ እንደ ልጅነቴ መሃል ገባሁ፤ ጉልበቴ ግን አሁን ረዝሟል። ላንቴን ለቀን ወደ ምዕራብ አባያ አቀናን፤ በግራ ተራራው፣ በቀኝ ከሙዙ ባሻገር የአባያ ሐይቅ ቀይ ውኃ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። አጎቴ እንደ ልማዱ መዳፉን ማርሹ ላይ አሳረፈ። አዛውንቱ ምንም አላሉም፤ አገጫቸውን ብቻ ወደ ማርሹ ቀና አደረጉ። አጎቴ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ወደ ቀኝ ገፋ፣ ወደ ፊት ገፋ። ገባ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነበር። ከኋላ የተጫነው የባዶ ሣጥን መንኳኳት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማን።

«ጋሼ» አለ አጎቴ፣ ድምፁን ሳያነሳ፤ አዛውንቱም ሰሙት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)